ሰጎን የተሳለበት ሰደርያ

በ2009 ዓ.ም. በጋው ላይ ነበር። ሐጋያ የሚባለው የመኸሩ ዝናብ ጭራሽ ቀርቶ፣ ከነገሌ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ከብት ያለቀባቸው ሰዎች ሰፍረዋል። ድራሙ የምላት ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት። እውነተኛ ስሟ ይህ አይደለም። ባሏ የተረፉትን ጥቂት ከብቶች ይዞ ሣር ፍለጋ ርቆ ሄዷል፤ እሷ ጡት ያልጣለ ልጅ ታቅፋ ከባሏ ወላጆች ጎን ቀርታለች። የእርዳታ እህል የምትቀበልበትን ካርድ ከመጋዘኑ ሠራተኞች አንዱ «ባልሽ ስለሌለ መጣራት አለበት» ብሎ ወሰደባት። ካርዷን ስትጠይቀው «ሲመሽ ማደሪያዬ መጥተሽ ውሰጂ» አላት። አልሄደችም። ካርዱም አልተመለሰም።

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። መሥሪያ ቤቴ ሲሸኘኝ አንዲት አዲስ ተቀጣሪ፣ «እትዬ አስካለ፣ በእናንተ ጊዜ ነጻ የስልክ መስመር አልነበረም፤ ታዲያ ሴቶቹ ችግራቸውን በምን ነበር የሚነግሯችሁ?» አለችኝ። «በሳሙና» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ኬኩ እየተቆረሰ ስለነበር ማስረዳት አልተመቸኝም። አሁን ጊዜ አለኝ፤ ለእሷም ለልጆቼም ብዬ ጻፍኩት።

ነገሌ ያመጣኝ ትዳር ነው። ባለቤቴ ወታደር ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከጦሩ ተሰናበተ፤ ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ሲመለሱ እኔ ዮናስን አርግዤ ስለነበር ወሎ ድረስ መንገዱን አልቻልኩትም። ቀረን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀርተን አልተጎዳንም። እሱ ጎማ መጠገን ጀመረ፣ እኔ ገበያ ላይ በርበሬና ጨው ስሸጥ ኦሮምኛ ለመድኩ። እንጀራ የሆነኝ ያ ቋንቋ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለተጎዱ ሕፃናት ገንፎ ለማማሰል ነበር። ኦሮምኛ መቻሌ ሲታወቅ አስተርጓሚ አደረጉኝ። ፊልቱ ሠራሁ፤ ሊበን ውስጥ መኪና በማይገባበት ሁሉ በእግሬ ሄድኩ። ከአለቆቼ አንዱ ከእኛ ጋር ማማሰያ ይዞ ይቆም ነበር፤ ሌላው ከመኪና ሳይወርድ ይመለስ ነበር። አበል ሲዘገይ እናጉረመርማለን፤ ሲመጣ እንረሳዋለን።

የእርዳታ ሠራተኛ በእህል ምትክ የሴት ልጅን ገላ እንዳይጠይቅ መከላከል የሚባለው ሥራ እኛ ዘንድ ሲደርስ በሳጥን መጣ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቅሬታ ሳጥን በመጋዘኑ በር ላይ ተቸነከረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲከፈት አንድ ወረቀት ብቻ ተገኘበት፤ «ለወጣቶች ኳስ ይገዛልን» ይላል።

አለቃችን ደስ አለው። «ቅሬታ የለም ማለት ነው!»

አብረውን የሚሠሩት አዴ ሎኮ ዳር ቆመው ነበር። «ጌታዬ፣ ሳጥኑ የት ነው ያለው?»

«በሩ ላይ።»

«በሩ ላይ ማን ተቀምጧል?»

«ዘበኛው።»

«ዘበኛው የማን የእህት ባል ነው?»

የመጋዘን ሠራተኞቹ ግማሹ ከዘበኛው ጋር የሚዛመዱ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አዴ ሎኮ ሥራውን ያስተማሩኝ ሴት ናቸው፤ አዴ እናት እንደማለት ነው። የቦረና ሴት ናቸው፤ ድርጅቱ ከመቅጠሩ በፊት አዋላጅ ነበሩ። ልማዳቸውን አይቼ ነው የሠራሁት። መኪናው ከሰፈሩ ርቆ እንዲቆም ያደርጉና በእግር ይገባሉ፤ የቢሮ መኪና የቆመበት ደጃፍ ወሬ ይወጣበታል። ሴቶቹ መሬት ላይ ከተቀመጡ ወንበር አይነኩም። የሚሠራ ነገር ካለ ሌላውን ጫፍ ይይዛሉ፤ ገመድ የምታከር ሴት ካገኙ አብረዋት ያከራሉ። ቀድመው ምንም አይጠይቁም። ሰላምታቸው ግን ረጅም ነው። ልጆቹ ናጋ፣ ሽማግሌዎቹ ናጋ፣ ደጁ ናጋ እያሉ ይሄዳሉ፤ ናጋ ሰላም ማለት ነው። የቦረና ሰላምታ ላይ የከብቱ ደኅንነት ሳይጠየቅ አይታለፍም። በዚያ ዓመት አዴ ሎኮ እሱን ዘለሉት። የቱን ከብት ብለው ይጠይቁ? ሴቶቹም መዘለሉ ገብቷቸው ቀና ብለው ያዩዋቸው ነበር።

እኔን ደግሞ በእምነት ባንገናኝም ጠዋት መኪና ውስጥ ጸሎቴን እስክጨርስ ዝም ብለው ይጠብቁኛል። ሾፌሩ ሊያወራ ሲጀምር «ተው፣ ሃዳ ዮናስ ከላይኛው ጋር እየተነጋገረች ነው» ይሉታል። ሃዳ ዮናስ የዮናስ እናት ማለት ነው። ነገሌም ሆነ ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠራኝ በዚያ ነበር።

ድራሙ የነገረቻቸው ገመድ አብረው ሲያከሩ ነው። «መጋዘን ውስጥ ያለ ሰው» ከማለት በቀር ማን እንደሆነ አልተናገረችም። አዴ ሎኮም አልጠየቁም። «ለቢሮ ልንገርልሽ? ካልፈለግሽ እኔ ጋ ይቀራል» አሏት። «ኤዬ» አለች፤ አዎ ማለት ነው። ለሚመለከተው አንድ ሰው ብቻ ተነገረ። በዚያው ሰሞን የአዴ ሎኮ ወንድም አረፉና እሳቸው ለለቅሶ ያቤሎ ሄዱ።

ከአዲስ አበባ የመጣው መርማሪ አቶ ተክሌ ይባላል። ጥሩ ሰው ነው፤ ድምፁን አያነሣም። ድራሙን ያነጋገርናት የሕፃናት ክንድ በሚለካበት ድንኳን ውስጥ ነበር፤ እዚያ ስትገባ ማንም ልጇን ልታስለካ ነው ይላል። ልጁ ጭኗ ላይ ነበር። ክንዱ ሲለካ መለኪያው ቢጫው ላይ ወደቀ፤ ከቢጫ ቀጥሎ ያለው ቀይ ነው፤ ቀይ ሲሆን ልጁ በረሃብ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው።

«የሰውየውን ስም ታውቂዋለሽ?» አላት፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«አውቃለሁ።»

«ማን ይባላል?»

የልጇን ራስ ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«አትፍሪ፣ ከዚህ ድንኳን አይወጣም።»

የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። አቶ ተክሌ ውሃ ሰጣት። መልኩን ጠየቃት። ጨዋ ሴት የሰው ባል ፊት አፍጥጣ አታይም፤ «እንደነሱ ነው፣ እንደነሱ ይለብሳል» አለች። እውነቷን ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሰደርያና ኮፍያ ነበር የሚለብሱት። የሠራተኞቹን ስም እኔ ልጥራላትና ትምረጥ ብዬ ስጠይቀው «አይሆንም፣ እትዬ። እኛ አፏ ላይ ካስቀመጥንላት ነገ ቃሏ ይፈርስባታል» አለኝ። ትክክል ነበር።

እንደገና ጠየቃት። «ስሙን ብቻ።»

ድራሙ ማልቀስ ጀመረች። ወደኔ ዞራ በኦሮምኛ «እናቴ፣ ለምን እንዲህ ያደርገኛል?» አለችኝ። እኔ የፈራች መሰለኝ። እሱም እንደዚያው መሰለው። ልጇን አቅፋ ወጣች።

ተጠርጣሪው ስላልታወቀ ጉዳዩ ለጊዜው ተዘጋ። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ስለ ሥነ ምግባር ተመከሩ። ሰውየው፣ እሱ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ቢሆንም፣ ብልጥ ነው፤ የተከሰሰው እሱ መሆኑ ገባው። እህል ሲከፋፈል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰው ተከሷል አሉ! ማን ይሆን? ነፋሱ ነው እንዴ?» ይላል፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ። ሰልፍ ውስጥ የቆሙት ሴቶች አይስቁም። ድራሙ ከዚያ ወዲያ ልጇን ለማስለካት እንኳ አልመጣችም። ለአማቶቿ ካርዱ እየተጣራ ነው ብላ ነግራቸዋለች፤ ከእነሱ ላይ ትንሽ ትንሽ ትካፈላለች፤ የእነሱም ለእነሱ አይበቃም።

በሥራ ዘመኔ ከዚያ የከበደ ነገር አላየሁም። በረሃብ የሞተ ልጅ አይቻለሁ፤ እሱ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብዬ አለቅሳለሁ። ይኼኛው ግን ከስንዴው ጋር እኛው ባመጣነው ሰው እጅ የደረሰ ነው። ነገሌ ማርያም ሄጄ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጥኩ። «እመቤቴ፣ አንቺም ልጅ አዝለሽ በረሃ ተሰደሻል» ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁም።

አዴ ሎኮ ከለቅሶ ሲመለሱ ከነገሌ መናኸሪያ ባጃጅ ይዘን፣ አብሬያቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው።

«ምን ብሎ ጠየቃት?»

«ስሙን።»

«የማንን ስም?»

«የሰውየውን ነዋ፣ አዴ። እሷም ፈርታ—»

«የትኛው ሰው ይሆን?» ብለው የመጋዘን ሠራተኞቹን ስም አንድ በአንድ በልባቸው ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዱ ላይ ሲደርሱ ጭናቸውን መቱ። «ሃዳ ዮናስ! የአማቷ ስም ነው እኮ!»

የቦረና ሙሽራ የባሏን አባት ስም አትጠራም። ዕድሜ ልኳን አትጠራም። ሌላ ሰው በዚያ ስም ቢጠራ እንኳ እሱንም አትጠራውም። ድራሙ ከአማቷ ድንኳን ቅርብ ተቀምጣ፣ በእንግዳ ወንድ ፊት፣ የአማቷን ስም ጥሪና ያንን ነገር አብረሽ ተናገሪ ነበር የተባለችው። እኔ ያኔ እዚያ አገር ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ ግን የኖርኩት የጦር ካምፑ አጠገብ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ከመጡ የወታደር ሚስቶች ጋር ነው። ከተማ ውስጥ ልማዱ ላልቷል።

«ልማዱ ይህን ያህል ጥብቅ ነው?» አልኳቸው።

«ጎረቤቴ ከአማቴ ጋር ሞክሼ ነበር» አሉኝ። «ቤቱ እሳት ሲይዝ እሱ ጥላ ሥር ተኝቷል። ምን ብዬ ልቀስቅሰው? ‹ሰውዬ! አንተ ሰውዬ!› እያልኩ ብሮጥ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተነሣ፣ እሱ ብቻ ቀረ። በድንጋይ ነው የቀሰቀስኩት።»

የባጃጁ ነጂ መንገዱን ትቶ ሳቀ። እኔም ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ።

ቢሮ ደርሰን ለአቶ ተክሌ ደወልን። ነገሩን እኔ አስረዳሁት።

«እትዬ አስካለ» አለ። «እናቴ እኮ የባሏን አባት በስሙ ጠርታው አታውቅም። አባብዬ ነበር የምትለው፤ የኔን ታናሽ ወንድም በአያታችን ስም ሲጠሩት እሷ ብቻ ሌላ ስም አወጣችለት። ልጅ ሆኜ ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። እንዴት አልመጣልኝም?»

አዴ ሎኮ ስልኩን ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ አሁን የመጣልህ ይበቃል። ልጅቷ ስሙን ሳትጠራ የምትናገርበትን መንገድ ፈልግልን።»

መንገዱን ያገኘው እሱ ነው። በሠራተኞቹ ሰደርያ ጀርባ ላይ ሥዕል እንዲሳል አደረገ። ማንበብ ለማትችል ሴት ሥዕል ይበቃል፤ ስም የማትጠራም ትጠቁማለች። እንስሳቱን የመረጡት አዴ ሎኮ ናቸው። ጅብ አይሆንም፣ ሰው ይሰደባል። ላም አይሆንም፣ ዘንድሮ ያስለቅሳል። ግመል፣ ሰጎን፣ ኤሊ፣ ጥንቸል፣ ቀጭኔ። ዕጣ ወጣ። ሥዕሉን የሳለው የነገሌ የታፔላ ጸሐፊ ነበር፤ ቀጭኔው አንገቱ አጥሮበት ፍየል መሰለ።

ሰደርያው ሲታደል የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ነበር። ኤሊ የደረሰው ወፍራሙ ሚዛን ተቆጣጣሪ አኮረፈ። «ምነው፣ ሰው ሁሉ ግመልና ቀጭኔ ሲሆን እኔ ኤሊ?»

«ምሳ ሰዓት ላይ ግን ጥንቸል ነህ» አሉት አዴ ሎኮ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ሰጎኑ የደረሰው ያ «ነፋሱ ነው እንዴ?» ሲል የነበረው ሰው ነበር። ደስ ብሎት ክንፉን እንደሚያራግብ ዞረ። ልጆቹ ወዲያው «ጉቺ! ጉቺ!» እያሉ ተከተሉት፤ በኦሮምኛ ሰጎን ማለት ነው። በሳምንቱ ሰደርያውን ከግመሉ ጋር ሊለዋወጥ ሞከረ። ልጆቹ ግን አልተለወጡም፤ ግመል ለብሶም ጉቺ ነበር።

ከዚያ ሳሙናው መጣ። ለሴቶች ሁሉ ሳሙና ይታደል ተባለ፤ ግን በሰልፍ ሳይሆን አንድ በአንድ ድንኳን ውስጥ እየተገባ፣ በአንደኛው አፍ ገብቶ በሌላኛው እየተወጣ። ውስጥ ያለነው እኔና አዴ ሎኮ ብቻ ነን። አሮጊቷም ሙሽራዋም ትገባለች። ሁሉም ስለገባ የትኛዋ ምን እንደተናገረች ማንም አያውቅም። አዴ ሎኮ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠብቁ ነበር፦ ማንም ከሌላዋ ያነሰ ጊዜ ቆይታ አትወጣም። ምንም የምትናገረው የሌላትን ሴት ስለ መጀመሪያ ልጇ ምጥ ያስወሯታል፤ የምታወራውን ያህል ታወራና ትወጣለች። ከውጭ ለሚያይ ሁሉም እኩል ነው። የአንዳንዷ ሳቅ ከድንኳኑ ይሰማል። ለሁሉም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ከእነዚህ ከአውሬዎቻችን ማን ያግዝሻል? ማን ያስቸግርሻል?»

አንዷ ኤሊው ሸክሟን እንዳነሣላት ተናገረች። ሌላዋ ጥንቸሉ አፉ ክፉ ነው አለች። ቀጥላ የገባችው ባሏ የሌለ ሴት መሬት መሬት እያየች «ጉቺ» አለች፤ ካርዷን ማን እንደወሰደው ነገረችን። ከእሷ በኋላ ሌላ። ከዚያም ሌላ። አንዷ ሲመሽ ሄዳ እንደነበር ነገረችን። አዴ ሎኮ እጇን ይዘው ቆዩ፤ ነገሌ ሆስፒታል ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህ በላይ ስለ እሷ አልጽፍም።

ድራሙ የመጣችው መጨረሻ አካባቢ ነው። ሳሙናውን ተቀበለች። ልጁ ሳሙናውን ሊበላ አፉ ውስጥ ከተተው፤ እየሳቅን አወጣንለት። ከዚያ ሳትጠየቅ፣

«ሰጎኑ ነው» አለች። ቀና ብላ ነው ያለችው። «ካርዴን የያዘው ሰጎኑ ነው። አልሄድኩም።»

«አልሄድሽም» አሉ አዴ ሎኮ።

አቶ ተክሌ ተመልሶ መጣ። እያንዳንዷን ለየብቻ፣ በዚያው የሕፃናት ድንኳን አነጋገረ፤ ማንንም ስም አልጠየቀም። ሰውየው ከሥራ ተባረረ። ከሴቶቹ ሁለቱ ለፖሊስ እንናገራለን አሉ፤ ተናገሩም። ድራሙ አልፈለገችም። አልገፋናትም። ዘበኛው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ፤ ሰማያዊው ሳጥን ተነቀለ።

አዴ ሎኮ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። አሁን ሊበን ውስጥ ከልጃቸው ጋር ናቸው፤ ስሄድ አሁንም በረጅሙ ነው ሰላም የሚሉኝ፤ ከብቱንም መልሰው ይጠይቃሉ። እግዚአብሔር ከእኚህ ሴት ጋር ስላሠራኝ አመሰግነዋለሁ። ልጆቼ ያደጉት በዚያ ደመወዝ ነው፤ እኔ ግን ያደግሁት እሳቸው አጠገብ ነው።

ያኔ ግን ካርዱ ነበር የቀረው። ለተወሰደባቸው ሴቶች ብቻ ቢመለስ ሰልፍ ላይ እነማን እንደሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ አሮጌው ካርድ በሙሉ ተሰብስቦ ለሁሉም ሰው አዲስ ተሰጠ። ሥራው ከባድ ነበር፤ ቢሮው አጉረመረመ፣ ግን ሠራው። በማከፋፈያው ቀን ዋዜማ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ወደ ድራሙ ሄድኩ። አዲሱን ካርድ ሻሿ ውስጥ ቋጥራዋለች።

«ነገ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«ሁለት ዙር ቀርቻለሁ። የት ነበርሽ ይሉኛል። ሁሉም እኔን ያያሉ።»

«ይዩሽ። ምን ያያሉ? ልጅ የታቀፈች ሴት ነው የሚያዩት።»

«እሱን ታቅፌ እንዴት ኩንታል እይዛለሁ?» አለችኝ። ሰበብ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እሷም እንዳወቅሁ አውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ከሌሎቹ ሠራተኞች ቀድሜ ሰፈሩ ደረስኩ። ሰልፉ ተጀምሯል። ድራሙ ከሰልፉ ርቃ ግራር ሥር ቆማለች፤ ባዶ ከረጢቷን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ይዛለች። ሄጄ ጀርባዬን ሰጠኋትና ጎንበስ አልኩ። ልጁን ጀርባዬ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ በራሷ ነጠላ ጠበቅ አድርጋ ደረቴ ላይ ቋጠረችው። ወደ ሰልፉ ሄደች። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጧት። ስንዴው እስኪሰፈርላት ልጁን እያወዛወዝኩ ቆምኩ፤ ተመልሳ ስትመጣ ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ነበር።